ቅጠሉን አይቶ መምረጥ፦ መሬት አልባሽ ጽጌረዳ በጠባብ የመኖሪያ ግቢ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ሰፊ እርሻን ወይም የውጭ ንግድን የሚመለከት አይደለም። በአዲስ አበባና እንደ እርሷ ባሉ የደጋ ከተሞች፣ ከቤቱ ደጃፍ እስከ አጥሩ በጥቂት እርምጃ በሚያልቅ ግቢ ውስጥ ስለሚተከል ጽጌረዳ ነው። በተለይም ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ ወደ ጎን እየተዘረጋ አፈሩን ስለሚሸፍነው ዓይነት እናገራለሁ፤ እርሱንም «መሬት አልባሽ ጽጌረዳ» እለዋለሁ።

ርእሱ ትንሽ ቢመስልም የሚያነሣው ጥያቄ ትንሽ አይደለም። የግቢ አፈር ራቁቱን ሲቀር የክረምት ዝናብ ይደበድበዋል፤ ሜዳውን ያጨቀየዋል፣ ተዳፋቱን አጥቦ ወደ ቦይ ይወስደዋል። ጭቃው የሰለቸው ባለቤት ብዙ ጊዜ ግቢውን በሲሚንቶ ይለብጠዋል፤ ያን ጊዜ ውኃው መስረጊያ አጥቶ ወደ ጎረቤትና ወደ መንገድ ይወርዳል። በሌላ በኩል፣ ግቢው እንዲያምርለት ጽጌረዳ የተከለ ሰው ተክሉ በታመመ ቁጥር መድኃኒት ለመርጨት ይገደዳል። በጠባብ ግቢ ደግሞ የተረጨው መድኃኒት ከጎመኑ፣ ከተሰጣው ልብስና ከሚጫወተው ሕፃን የሚርቅበት ቦታ የለም። ስለዚህ የምንሻው ያለ ርጭት ጤነኛ ሆኖ አፈሩን ዓመቱን ሙሉ የሚሸፍን ተክል ነው። ከዚህም የተነሣ የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ መሬት አልባሽ ጽጌረዳ የሚመረጠው በአበባው ሳይሆን በቅጠሉ ነው። አፈሩን የሚያለብሰው ቅጠሉ ነውና።

የእነዚህ ጽጌረዳዎች ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ከዋና ዋና ወላጆቻቸው አንዱ የምሥራቅ እስያ ተወላጅ የሆነው ሮዛ ዊኩራና ነው። ስያሜውን ያገኘው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ከማክስ ዊኩራ ሲሆን፣ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1886 የሰጠው ቤልጂየማዊው ፍራንሷ ክሬፓን ነው። ቅርንጫፎቹ መሬት ለመሬት ይሳባሉ፤ አፈር በነኩበትም ሥር ይሰዳሉ። ቅጠሉ ትንሽ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው «ማክስ ግራፍ» የዚህ ተክልና የሮዛ ሩጎሳ ዲቃላ ነው። «ማክስ ግራፍ» ዘር የሚሰጠው ከስንት አንዴ ነበር። ይሁን እንጂ ጀርመናዊው አዳቃይ ቪልሄልም ኮርደስ ከእርሱ ካገኛቸው ጥቂት ችግኞች አንዱ የክሮሞዞሙ ቁጥር እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ለብዙ ጠንካራ ጽጌረዳዎችም መነሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ቨርነር ኖአክ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ ያወጣው ዝርያ «የአበባ ምንጣፍ» በሚል የገበያ ስም በብዙ አገር ተሰራጨ። በጀርመን አዳዲስ የጽጌረዳ ዝርያዎች በልዩ ልዩ ቦታዎች ለሦስት ዓመት ይመዘናሉ፤ በዚህ ምዘና ከ1997 ወዲህ ምንም ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒት አይረጭም። የታመመው ይወድቃል፣ የጸናው ያልፋል።

በእኛም አገር የዚህ ወገን የሆነ ተክል አለ። በደጋውና በወይና ደጋው በየአጥሩና በየጫካው ዳር ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ እረኞች ቀይ ፍሬውን የሚበሉለት ቀጋ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ፣ ከሮዛ ዊኩራና ጋር በአንድ የጽጌረዳ ምድብ ውስጥ ይገኛል። ቀጋ ራሱ ተንጠላጥሎ የሚወጣና እሾሃም በመሆኑ ለጠባብ ግቢ ምንጣፍ አይሆንም። ዝምድናው ግን ልናስብበት የሚገባ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቅጠሉ ጤና ልሻገር። የጽጌረዳ ቀንደኛ ጠላት ጥቁር ነጥብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። የፈንገሱ ብናኝ ቅጠሉን ለመያዝ ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ እንዲቆይለት ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ በደጋ ከተማ ይህ ሁኔታ የየዕለት ነገር ነው። የተያዘው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ አፈሩም ሽፋን እጅግ በሚያስፈልገው ወቅት ይራቆታል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ብርዳም ሲሆን፣ በተራው ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሌላ ፈንገስ ይመጣል፤ ይህኛው እንደ መጀመሪያው የረጠበ ቅጠል አይጠብቅም። እንግዲህ ለእኛ ደጋ የሚሆን ጽጌረዳ ሁለቱንም የሚቋቋም መሆን አለበት።

ለውጭ ገበያ የሚመረቱት ጽጌረዳዎች ለዚህ ተግባር የማይመቹትም ስለዚሁ ነው። የተመረጡት በአገዳቸው ርዝመትና ተቆርጠው በማስቀመጫ ውስጥ በሚቆዩበት ጊዜ ነው፤ የሚያድጉትም ዝናብ ቅጠላቸውን በማይነካበት የፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ነው። ከዚያ ወጥተው ክረምትን በሜዳ እንዲያሳልፉ መጠየቅ ያልተፈጠሩበትን ሥራ መጠየቅ ነው።

ዝርያው ከተመረጠ በኋላ አተካከሉ ይከተላል። ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ከሁሉ አስቀድሞ ሰርዶና እንግጫ ከነሥራቸው ተለቅመው ይውጡ። ጽጌረዳው ከተስፋፋ በኋላ በእሾህ መካከል እጅ አስገብቶ ሰርዶ መንቀል እጅግ አስቸጋሪ ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ውኃ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሳልና መደቡ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ብስባሽ ይቀላቀልበት። በችግኞች መካከል የሚኖረው ርቀት እንደ ዝርያው ስፋት ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ነው። መሬት አልባሽ የተባለ ሁሉ በተተከለበት ዓመት መሬት አያለብስም፤ እስኪገጥም ድረስ ባዶው ቦታ በደረቅ ቅጠል፣ በጭድ ወይም በቡና ገለባ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎዝጎዝ። ጉዝጓዙ አረሙን ያፍናል፤ የዝናቡም ጠብታ የበሽታውን ብናኝ ከአፈር ወደ ቅጠል እንዳይረጭ ይከላከላል።

ችግኙ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ሳይሆን በራሱ ሥር የቆመ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ዓይነቱ ተክል ከሥር የሚወጣው ቡቃያ ሁሉ ያው የተከልነው ጽጌረዳ ነው። በተዳቀለው ግን ባዕዱ ቡቃያ በለምለሙ መካከል ተደብቆ ያድግና ባለቤቱ ሳያውቀው ቦታውን ይወርሳል። በራሱ ሥር የቆመ ችግኝ ማግኘት ደግሞ ከባድ አይደለም። የተዘረጋውን ቅርንጫፍ አፈር ላይ አስተኝቶ፣ ጥቂት አፈር አልብሶና ድንጋይ ጭኖ፣ ሥር ሲሰድ መቁረጥ ነው።

በበጋ ውኃ የሚጠጣው ማለዳ፣ ከሥሩ ነው፤ ማታ ቅጠሉን ማራስ ለበሽታው ሌሊቱን ሙሉ በር መክፈት ነው። ዋናው ገረዛ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ቢሆን አዲሱ ቅጠል በደረቅ አየር ይወጣል። የሞተው ቅርንጫፍ ይወገዳል፤ ከቀረው ሲሦው ያህል ይቆረጣል። የወደቀውም ቅጠል ተለቅሞ ይወሰድ።

የት እንደሚተከል ስንመርጥ፣ ተዳፋትና የእርከን ጠርዝ ቀዳሚ ናቸው፤ በአጥር ሥር ያለ ጠባብ መሬትና ቅርንጫፉ በግንብ ላይ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታም ይስማሙታል። ሕፃናት የሚሮጡበት ሜዳና የመተላለፊያ ዳር ግን የእሾህ ቦታ አይደሉም፤ እዚያ ሣር ይሻላል። የዝርያው ስፋትም ከመደቡ መብለጥ የለበትም። ብዙ ሜትር የሚሳበውን በሁለት ሜትር መደብ ላይ የተከለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መቀስ ይዞ ይኖራል።

ውድ ተማሪዎች፣ በመጨረሻ ለእናንተ ያለኝን ላቅርብ። በሌላ አገር ምዘና ያለፈ ጽጌረዳ በእኛ ክረምት ያልፋል ማለት አይደለም። ለመመዘን ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከየሰፈሩ ጥቂት ጽጌረዳዎችንና ከየገጠሩ ቀጋን ምረጡ፤ በእያንዳንዱ ተክል ላይ አንዳንድ ቅርንጫፍ በክር ምልክት አድርጉ፤ በሐምሌ መባቻ ያሉትን ቅጠሎች ቁጠሩ፣ በመስከረም መባቻ የቀሩትን ቁጠሩ። መድኃኒት አትርጩ። ቅጠላቸውን ጠብቀው ክረምቱን የተሻገሩትን አባዙ፤ የማዳቀል ሥራም ከእነርሱ ይጀመር። ይህን ከ3 ክረምት በላይ ሳያቋርጥ የሚመዘግብ አንድ የተማሪዎች ቡድን፣ ሲሚንቶና ርጭትን ብቻ አማራጭ አድርጎ ለያዘ የከተማ ነዋሪ ሦስተኛ መንገድ ይከፍትለታል።