ሎሚ እሳት አይደለም
(ስለ ሽሪምፕ ሴቪቼ አሠራርና አቀማመጥ በሬዲዮ ከተነገረው)



የዛሬው ንግግራችን ከሩቅ አገር መጥቶ በከተማችን በአንዳንድ ቤት ገበታ ላይ መቅረብ ስለ ጀመረ ምግብ ነው። ስሙ ሴቪቼ ይባላል፤ አገሩም በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ፔሩ ነው። የፔሩ ሰዎች ጥሬ ዓሣን ወይም ሽሪምፕ የተባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ በሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፈው፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በጨው አጣፍጠው ይበሉታል። ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. ይህን ልማዳቸውን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። እንግዲህ የምንሰጋው ምግቡን ሳይሆን «ሎሚው ያበስለዋል» የሚለውን የተሳሳተ እምነት ነው።

ሽሪምፕ በሎሚ ውስጥ ሲቆይ ግራጫው ሥጋ ይነጣል፣ ጠንከርም ይላል። ይህም የሎሚው ኮምጣጣነት የሥጋውን ፕሮቲን ስለሚለውጠው ነው። መልኩ የበሰለ ይመስላል፤ በውስጡ ያሉትን የበሽታ ተሕዋስያን ግን ሎሚው እንደ እሳት አይፈጃቸውም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ፔሩ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። እናቶቻችን የዶሮውን ብልት በሎሚና በጨው ደጋግመው ያጥቡታል፤ ነገር ግን «በሎሚ ታጥቧልና በስሏል» ብላ ለእንግዳ ያቀረበች ባለሙያ ከቶ አልታየችም። ከሎሚው በኋላ ድስቱ፣ ከድስቱም በታች እሳቱ አለ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለልጁ ልደት ጥሬውን ሽሪምፕ ጧት በሎሚ ዘፍዝፎ፣ ማቀዝቀዣው በመጠጥ ስለ ሞላ እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ አቆየው። በዚያው ሌሊት አምስት ዓመት የሞላው ልጁ በትውከትና በተቅማጥ ተዳክሞ ሐኪም ቤት ገባ። አባትየው ለሐኪሙ የመለሰው «ሎሚ በዝቶበት ነበር እኮ!» የሚል ነበር። ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ ዳነ፤ አባቱ ግን ያንን ቃሉን ባስታወሰ ቁጥር ያፍራል።

ስለዚህ በቤታችን ለመሥራት የፈለግን እንደ ሆነ እንደሚከተለው እናድርግ።

በመጀመሪያ፣ በበረዶ የጠነከረውን ሽሪምፕ ከዋዜማው ጀምሮ በማቀዝቀዣው ውስጥ ማሟሟት እንጂ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይገባም። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ለጥሬው የተለየ ቢላዋና መክተፊያ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ቅርፊቱንና በጀርባው ያለውን ጥቁር ጅማት የመሰለ አንጀት አውጥቶ፣ ጨው በገባበት የፈላ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያህል መቀቀል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለሥጋው መሐል የሚፈለገው ሙቀት 63 ዲግሪ ስለ ሆነ ይህ ይበቃል። ሆኖም ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሥጋውም ይታይ፤ ግራጫነቱ እስከ መሐሉ ጠፍቶ ነጭና ቀላ ያለ መሆን አለበት። ወዲያው በበረዶ ውሃ ይቀዝቅዝ።

ሦስተኛ፣ የሎሚውን ጭማቂ፣ በስሱ የተከተፈውን ሽንኩርት፣ ቃሪያውንና የድንብላል ቅጠሉን ጨምሮ፣ ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ ግማሽ ሰዓት በማቀዝቀዣ ማቆየት ነው። ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ስለሚበላው የአሉሚኒየም ዕቃ አይስማማውም።

ስለ አቀማመጡ፣ የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ ከ4 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ምግቡ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣል እንጂ ተመልሶ አይቀመጥ። በተሠራበት ቀን ቢበላ መልካም ነው፤ ከሁለት ቀን ማሳለፍ ግን አይገባም። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር አትክፈቱ፤ ተዘግቶ እስከ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሽታው ደኅና ነው ብሎ መቅመስ አያዋጣም፤ በሽታ አምጪው ተሕዋስ ሁልጊዜ አይሸትምና።

በመጨረሻም፣ ሽሪምፕ ሰውነታቸው የማይቀበለው ሰዎች ስላሉ፣ ቢበስልም እንኳ ለእንግዳ ከማቅረብ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአረጋዊና ለበሽተኛ ደግሞ ጥሬው ከቶ አይቅረብ።

የውጭ አገር ምግብ መልመድ ነውር የለበትም። ነገር ግን የእናቶቻችንን ሎሚ ይዘን እሳታቸውን አንርሳ። እንግዳ የሚከበረው በልቶ ሲመሰግን ብቻ ሳይሆን በማግሥቱ ጤነኛ ሆኖ ወደ ሥራው ሲሄድ ነው።