የዐለት መበጠስና የመሬት መናወጥ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «መጠኑ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ስድስት ወይም ሰባት የሚል መልስ ከተገኘ በኋላ ነገሩ ያበቃ ይመስላል። ለመሐንዲስ ግን ይህ ቁጥር የጥያቄው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ሕንፃን የሚያናውጠው ከመሠረቱ ሥር የሚያልፈው ሞገድ ነውና። የዚህ ንግግር ዓላማም ከዐለቱ መበጠስ እስከ መሠረቱ መናወጥ ያለው ሂደት በስሌት እንዴት እንደሚመረመር፣ ምርመራውም በኢትዮጵያ ምን እንደሚጠይቅ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ካፈረሰው መንቀጥቀጥ በኋላ፣ አሜሪካዊው ሊቅ ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ ዐለት ለብዙ ዘመን ሲወጠር ኖሮ፣ ውጥረቱ ከአቅሙ በላይ በሆነ ጊዜ በስንጥቁ ላይ ተንሸራቶ እንደሚላቀቅ አስረዳ። በ1966 ደግሞ ጃፓናዊው ኬይቲ አኪ የተንሸራተተውን ገጽ ስፋት፣ የመንሸራተቱን ርቀትና የዐለቱን ግትርነት በማባዛት የመንቀጥቀጡ ኃይል የሚለካበትን መንገድ አሳየ። ለምሳሌ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ ስንጥቅ በአማካይ 1 ሜትር ቢንሸራተት፣ ስሌቱ 6.5 የሚጠጋ መጠን ይሰጣል። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው፣ የማጀቴን ከተማ የጎዳውና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዲስ አበባ የተሰማው መንቀጥቀጥ በዚሁ መጠን ገደማ ይገመታል።

ይሁን እንጂ ስንጥቁ በአንድ ቅጽበት አይበጠስም። ሸማ ሲቀደድ ቅዱ ከጫፍ ወደ ጫፍ እንደሚሮጥ ሁሉ፣ መበጠሱም ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ይጓዛል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መበጠሱ በሰከንድ 2.5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሞገዱ በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ ከስንጥቁ ፊት ለፊት ያለች ከተማ ሞገዱን ሁሉ ከ2 ሰከንድ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተደራርቦ ትቀበለዋለች፤ ከኋላው ያለችው ግን 14 ሰከንድ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ተበታትኖ ይደርሳታል። ስንጥቁ አንድ፣ መጠኑም አንድ ሲሆን፣ በሁለቱ ከተሞች ያሉ ሕንፃዎች የሚገጥማቸው ፈተና የተለያየ ነው።

ይህ በስሌት ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ1992 በካሊፎርኒያ ላንደርስ በተባለው ሥፍራ መጠኑ 7.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ መበጠሱ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ለመነሻው ቅርብ በሆነው በጆሹዋ ትሪ የተመዘገበው ንውጽውጽታ ረዥምና ለዘብ ያለ ነበር፤ ከመነሻው ርቆ በጉዞው አቅጣጫ የሚገኘው የሉሰርን ጣቢያ ግን አጭርና ብርቱ ግፊት መዘገበ። ስለሆነም ከመነሻው ነጥብ መራቅ ብቻውን ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም።

የአፈሩም ጠባይ የራሱ ድርሻ አለው። በ1985 የሜክሲኮ ከተማ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሣ መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳች። ከተማዋ በከፊል የተሠራችበት የጥንት ሐይቅ ጭቃ በ2 ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ የሚመላለሰውን ሞገድ አጉልቶ፣ ከዚሁ ምልልስ ጋር የሚስማሙትን ፎቆች አፈረሰ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ባለ ልል አፈር ላይ ለሚሠራ ሁሉ ይህ ትምህርት ሊሆነው ይገባል።

ስሌቱ የሚታመነው ግን በልኬት ሲፈተን ነው። በ1966 በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ ከስንጥቁ 80 ሜትር ብቻ ርቆ የተተከለ አንድ መሣሪያ የመዘገበው፣ አኪንና ኖርማን ሃስኬልን ለመሰሉ ሊቃውንት የመበጠስን ሞዴል መፈተኛ ሆነ። የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ታሪክ አባ ፒየር ጉዋን በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ በትጋት አሰባስበውታል። ሆኖም ከመሣሪያ ዘመን በፊት የነበረው ምስክር የዜና መዋዕልና የመንገደኛ ቃል፣ የፈረሰም ቤት ነው። የፈረሰ ቤት መሬቱ በብርቱ መናወጡን ይናገራል፤ ስንት ሰከንድና በየትኛው አቅጣጫ እንደተናወጠ ግን አይናገርም።

የካሊፎርኒያን ሞዴል እንዳለ መቅዳትም አይበቃም። በዚያ ዐለቶች ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ፤ በስምጥ ሸለቆ ግን እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ቅልጥ ዐለትም በመካከል ይገባል። በ2005 በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ ዐለት ተሞልቶ ተከፍቷል። ከ2024 እስከ 2025 በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል፤ በአዲስ አበባ ፎቆችም ተሰምቷል።

እንግዲህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ግልጽ ነው። በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች አጠገብ ባሉ ከተሞች፣ በግድቦችና በታላላቅ ሕንፃዎች ላይ ብርቱ ንውጽውጽታን የሚመዘግቡ መሣሪያዎች እንዲተከሉና በእንክብካቤ እንዲያዙ ማሳሰብ፣ የአፈር ምርመራም ለይስሙላ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። ቀጣዩ መንቀጥቀጥ ሳይመዘገብ ካለፈ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚሠራው ሕንፃም በግምት የተሠራ ይሆናል።