ዓሳ ስንመርጥ ውሃውንም እንመርጣለን

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን እንድናገር የጠየቁኝ ስለ ሕፃናት ማቆያችን የዓሳ ገንዳ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ «ይቀጥል ወይስ ይሸጥ?» ተብሎ ድምፅ ይሰጥበታል። ገንዳው ከደጋፊዎቻችን በስጦታ የመጣ ነው። ዓሶቹ ግን ሁለት ጊዜ ተገዝተው ሁለት ጊዜ አልቀዋል፤ አሁን የቀረው አረንጓዴ ውሃ ብቻ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከመዋጯችን ገንዘብ ማውጣት የከበዳቸው እህቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። በሌላ በኩል ልጆቻችን ጠዋት እንደገቡ የሚሮጡት ወደዚያ መስታወት ነበር። እናቱ ስትሄድ የሚያለቅሰው ሕፃን ዓሳውን ሲያይ ዝም ይል እንደነበር ሞግዚቶቻችን ይመሰክራሉ።

እኔ የምተዳደረው በየሰው ቤትና በየሱቁ ያሉ የዓሳ ገንዳዎችን በመንከባከብ ስለሆነ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ዓሳ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጉላሹና ወደ ዱለቱ ነው። ዓሳን በቤት ማኖር ግን ሌላ ሙያ ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የዓሶቹ ማለቅና የውሃው መረንጓድ ሁለት ችግር አይደሉም፤ የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው።

ከገንዳው ልጀምር። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱን አባዝተን ለ1000 ስናካፍል 63 ሊትር ይሆናል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ በእጃችን ያለው ወደ 50 ሊትር ውሃ ነው። ዓሳ መግዛት የሚጀመረው ከዚህ ቁጥር እንጂ ከዓሳው ቀለም አይደለም።

ባለፈው ጊዜ የገቡት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁለት ጎልድፊሽ፣ አራት ጋፒ፣ ሦስት ኒዮን ቴትራ፣ አንድ ቤታና አንድ ፕሌኮ። ለዓይን ያማሩ ነበሩ፤ ለጉርብትና ግን አይሆኑም። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይስማማዋል፤ ኒዮን ቴትራና ቤታ ሞቅ ያለ ይፈልጋሉ። ጎልድፊሽ ሲያድግ አፉ የሚችለውን ትንሽ ዓሳ ይውጣል። ቤታ ጅራተ ረጅሙን ጋፒ ሲያይ ተቀናቃኙ የመጣ ይመስለውና ይነክሰዋል። ፕሌኮ ከሻጩ ቤት ሲወጣ ጣት ያክላል፤ የተለመደው ዓይነት ሲያድግ ግን 40 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጎልድፊሽም ቢሆን በፊልም እንደምናየው በክብ ብርጭቆ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት አይደለም። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ተራው ዓይነት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ በደንብ ከተያዘም ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። የእኛ ገንዳ ለአንዱም አይበቃውም።

አሁን ውሃው ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ዓሳው የሚጥለው ቆሻሻና ሳይበላ የቀረው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሳ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ይገድላል፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ በስተቀር ዓሳውን ብዙም አይጎዳውም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር አይገኙም። እስኪራቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳሉ። የእኛ ዓሶች ግን ሁለቱንም ጊዜ የገቡት ውሃው በተሞላበት ዕለት ነው።

ይህን ለባለሙያ ሴት ማስረዳት ቀላል ነው፤ ባክቴሪያው እርሾ ነው። ያለ እርሾ ሊጡ እንደማይቦካ ሁሉ፣ ያለ ባክቴሪያ ውሃው ለዓሳ አይሆንም። ቡሃቃውን አጥባ እርሾውን የምትደፋ ሴት የለችም። ስፖንጁን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውሃ ማጠብ ግን እርሾውን መድፋት ነው። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ በባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው። እርሾ ከጎረቤት እንደምንበደርም፣ ጤናማ ዓሶች ካሉበት ገንዳ ቁራጭ ስፖንጅ ተወስዶ ቢገባ የመጠበቂያው ጊዜ ያጥራል።

አልጌ፣ በአማርኛው ዋቅላሚ የምንለው፣ የሚመጣው ከዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ነው። ለዓሳው ቀላል የሆነው ናይትሬት ለአልጌው ማዳበሪያ ነው። ከምግቡ የሚወጣው ፎስፌትም እንዲሁ። በዚህ ላይ ብርሃን ሲጨመርበት ውሃው ይረነጉዳል። የማቆያው ገንዳ መስኮት ሥር ነው የተቀመጠው፤ ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል። ምግቡም የሚሰጠው በብዙ እጅ ነበር። ሞግዚቷ ቆንጠር ታደርጋለች፣ ልጅ ልትወስድ የመጣች እናት ትጨምራለች፣ ልጆቹ የዳቦ ፍርፋሪ ይጥላሉ። ሁሉም በፍቅር ነው፤ ሃምሳ ሊትር ውሃ ግን ይህን ሁሉ ፍቅር አይችልም።

የአገራችንን ሁኔታም እናስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ «በዚህ መጠን ገንዳ ይህን ያህል ዓሳ ይኖራል» የሚለውን የውጭ አገር መመሪያ ስናነብ ቀነስ ማድረግ አለብን። ባለፈው ጊዜ ከሁሉም በኋላ የሞተው ቤታው መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤታ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከአየር መተንፈስ ይችላል፤ የሞቱት ሌሎች ዓሶች ያላቸው በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማጣሪያውና የአየር ፓምፑ ይቆማሉ። በዚያን ጊዜ ምግብ አይሰጥም፤ በኩባያ ውሃውን እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢኖረን ደግሞ የተሻለ ነው።

ታዲያ የትኛው ዓሳ ይሻለናል? የማቆያው ክፍል ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያ ብንገዛም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ብርድ የሚችሉ፣ ትንንሽና ሰላማዊ ዓሶች ያስፈልጉናል። እኔ የምመርጠው ስድስት ዜብራ ዳኒዮና አራት ፕላቲ ነው። ዜብራ ዳኒዮ ከ5 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ በመንጋ ስለሚኖር ከስድስት ማነስ የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚሯሯጥ ልጆች ይወዱታል። ፕላቲ ቀይና ቢጫ ቀለም አለው፤ ጠባዩም የዋህ ነው። አራቱም ፕላቲዎች ወንድ ይሁኑ። ፕላቲ እንቁላል ሳይሆን ልጅ የሚወልድ ዓሳ ነው፤ ሴቷ በየወሩ ገደማ በርካታ ጫጩት ትጥላለች። ከወንድ ከተለየች በኋላ እንኳ ለወራት መውለዷን ልትቀጥል ትችላለች። ሴት ፕላቲ ካስገባን በዓመቱ ገንዳው ሞልቶ ወደ ነበርንበት እንመለሳለን።

«አልጌ የሚበላ ዓሳ ብንገዛስ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ፕሌኮው የተገዛው ለዚህ ነበር። አልጌ የሚበላ ዓሳም ይበላል፣ ይጥላል፤ የሚጥለው ደግሞ ለአልጌው መልሶ ማዳበሪያ ይሆናል። አረንጓዴውን ውሃ ፕሌኮ ሊበላው አይችልም፤ እሱ የሚግጠው መስታወትና እንጨት ላይ የተለጠፈውን ነው። ከዚያም ያድጋል። «ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስለኛል። ደግነቱ ያ ፕሌኮ በሕይወት ሳለ ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ተሰጥቷል።

አልጌን የምንቆጣጠረው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ምግብ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጥርግ አድርገው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን ብናስጾማቸው ምንም አይሆኑም። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ ገንዳው ባዶ እያለ ከመስኮቱ ይራቅ፣ መብራቱም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይብራ። ሦስተኛው ውሃ መቀየር ነው፤ በየሳምንቱ ሩቡን፣ ማለትም ከ12 እስከ 13 ሊትር በጎማ ከጠጠሩ ሥር ቆሻሻውን እየሳቡ ማውጣት። የሚተካው ውሃ አፉ በሰፋ ባልዲ ለ24 ሰዓት ተቀምጦ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን፤ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። የወጣውን ውሃ አትድፉት፤ ናይትሬት ስላለው ለጓሯችን ጎመንና ቆስጣ ጥሩ ነው።

አልጌውም አንድ ዓይነት አይደለም። በአዲስ ገንዳ የሚታየው ቡናማ ዱቄት መሳይ ነገር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ እስከዚያው በንጹሕ ስፖንጅ ይጠረጋል። መስታወቱ ላይ የሚጠነክረው አረንጓዴ ነጠብጣብ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ይፋቃል። ውሃው ራሱ ሲረነጉድ ግን መፋቅ አይረዳም። ገንዳውን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን በብርድ ልብስ መሸፈን ያስፈልጋል፤ አልጌው ያለ ብርሃን አይኖርምና። የአየር ፓምፑ ግን እየሠራ መቆየት አለበት፤ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳልና። ለዚሁ ምክንያት አልጌ ገዳይ መድኃኒት በብዛት መጨመር አደገኛ ነው። ሳሙናና በረኪና ደግሞ ዓሳ ካለበት ገንዳ አጠገብ አይድረሱ።

ቶሎ የሚያድግ የውሃ ተክል ብናስገባ ናይትሬቱን ከአልጌው ጋር ይሻማልናል። ነገር ግን የተረፈውን ተክልም ሆነ ያልፈለግነውን ዓሳ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መጣል የለብንም። እንቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው አበባው ስላማረ ለጌጥ ተወስዶ ነው። በቆቃ፣ ኋላም በጣና ያደረሰውን እናውቃለን።

እንግዲህ ስለ ድምፁ። እኔ «ይቀጥል» እላለሁ፤ ግን በሦስት ሁኔታ። ገንዳው ከመስኮት ርቆ 60 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት በሚሸከም ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ጠረጴዛውን ከማኅበሩ መጋዘን ልናገኝ እንችላለን። ውሃና ማጣሪያው ዓሳ ሳይገባበት ቢያንስ ለአምስት ሳምንት ይሥራ፤ ስፖንጁን ከምንከባከባቸው ገንዳዎች እኔ አመጣለሁ፣ አሞኒያና ናይትራይቱንም እኔ እለካለሁ። ባዶ ሲለካ መጀመሪያ ዳኒዮዎቹ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፕላቲዎቹ ይግቡ። ሦስተኛውና ዋናው፣ የምግቡ ጣሳ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥና ቁልፉ በአንዲት ተረኛ እጅ ብቻ ይሁን። ልጆቹ ማብላት ከፈለጉ፣ በየተራቸው ተረኛዋ በመዳፋቸው የምታስቀምጥላቸውን ያብሉ።

ሥራው በቀን አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው። ለዚህ ተረኛ የምትሆን አራት ሴት ካልተገኘች ገንዳው ይሸጥና ገንዘቡ ለልጆቹ መጫወቻ ይዋል። ይህም ለደጋፊዎቻችን ስጦታ ንቀት አይደለም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ዓሳ አስገብቶ ከመጨረስ ይሻላል። አራት ከተገኙ ግን ስማቸውን ዛሬ ከመውጣታችን በፊት ለጸሐፊያችን ያስመዝግቡ፤ የመጀመሪያውን ወር አብሬያቸው እሠራለሁ።