መርዶም ምሥራችም የሌለው ፍለጋ

ከስደት ጣጣ ሁሉ የሚከፋው የሰው ድምፅ ሲጠፋ ነው። ልጇ ፍራንክፈርት ገብታ ስልኳ የተዘጋባት እናት፣ እርሟን እንዳታወጣ አልተረዳች፤ እንዳትጽናና ድምፅ አልሰማች። ለቁልቢ ገብርኤል ትሳላለች፤ ከጀርመን የመጣ ባየች ቁጥር «ልጄን አላያችኋትም?» ትላለች። ዘመድ ደግሞ እዚያ ከሐበሻ ምግብ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ይዞ ይዞራል።

ብዙዎቻችን ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ 24 ሰዓት መጠበቅ ግድ ይመስለናል። አይደለም፤ ወዲያውኑ ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን 18 ዓመት የሞላት ሴት የት እንደምትኖር የምትወስነው ራሷ ናት። ስለዚህ የጀርመን ፖሊስ አዋቂን ሰው የሚፈልገው ሕይወቱ ወይም ጤናው አደጋ ላይ ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው። ቢያገኛትም ያለ ፈቃዷ አድራሻዋን ለእናቷ አይሰጥም።

ይህ ለእኛ እናቶች አንጀት ይከብዳል። ጀርመኖቹም ቀምሰውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ብራውንሽቫይግ ከተማ አንዲት የ24 ዓመት ተማሪ ጠፋች። አንድ ሰው «ገድያታለሁ» ብሎ ነበር፤ በ1989 በሕግ እንደሞተች ተቆጠረች። በ2015 ዱሰልዶርፍ ውስጥ ሌባ ቤቷን ሰብሮ ፖሊስ ሲመጣ ማንነቷ ታወቀ። ከ31 ዓመት በኋላ! እናቷ በሕይወት ነበረች። ልጅቱ ግን ቤተሰቧን ማግኘት አልፈልግም አለች፤ ፖሊስም ፈቃዷን አከበረ።

ሌላው በር ቀይ መስቀል ነው። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን፣ ጀርመን ያለ ዘመድ የጀርመን ቀይ መስቀልን የፍለጋ ክፍል ይጠይቅ። ክፍያ የለውም። ስትሄዱ ፎቶዋን፣ የአባትና የአያት ስሟን፣ የትውልድ ቀኗን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙ። ከሁሉ በላይ ስሟ ፓስፖርቷ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ እወቁ፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች መዝገብ ውስጥ ያለ ሰው ላይገኝ ይችላል።

እናንተ ዝም ያላችሁ ልጆች ደግሞ ስሙኝ። ተቀይማችሁ፣ ወረቀት አጥታችሁ ወይም አፍራችሁ ይሆናል። አድራሻችሁን አትስጡ፤ መብታችሁ ነው። ግን በምታምኑት ሰው በኩል «ደህና ነኝ» የሚል ቃል ዛሬውኑ ለእናታችሁ ላኩ።

ቸር ወሬ ያሰማን!