ከአቴና የተመለሰው ልጅ



ወላጅ ልጁን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሸኝ በአፉ «በሰላም ያግባህ» ይላል፤ በልቡ የሚፈራው ግን መንገዱን አይደለም። ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ እንዳይመለስ ነው የሚፈራው። ይህ ፍርሃት ዛሬ ልጃቸውን ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚልኩ የኢትዮጵያ ወላጆች ብቻ ፍርሃት ሳይሆን፣ ከ1600 ዓመት በፊት በቀጰዶቅያ የነበሩ ክርስቲያኖችም ፍርሃት ነበረ። ስለዚህ በአራተኛው መቶ ዓመት ወደ አቴና ለትምህርት የሄዱትን የሦስት ወጣቶች ነገር መመርመር ይገባል። ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሆኑ፤ አንዱ ከሐዲ ተባለ። ዘመኑ የሚነገረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ የኤጲስ ቆጶስ ልጅ ነው። በአገሩ በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ፣ ከዚያም ዛሬ ተሳላሚዎች ፍርስራሿን በሚያዩአት፣ በዚህች አገር ባሕር ዳር ባለችው ቂሳርያ፣ ቀጥሎም በእስክንድርያ ተማረ። ወደ ግሪክ አገር ሲሻገር በቆጵሮስ አጠገብ ማዕበል ተነሣበት። ገና አልተጠመቀም ነበርና፣ ከሞቱ ይልቅ ሳይጠመቅ መሞቱ አስጨነቀው፤ ቢተርፍ ራሱን ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ተሳለ። (ወንድ ልጁን በ40 ቀን ለሚያስጠምቅ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የዚያ ዘመን ልማድ ግን ብዙዎችን እስከ ጎልማሳነት ያቆይ ነበር።)

የአገሩ ልጅ ባስልዮስም በቁስጥንጥንያ ተምሮ ወደ አቴና መጣ። በዚያ አዲስ መጤውን ተማሪ የቀደሙት ይዘው ያፌዙበት፣ በጩኸትም ወደ መታጠቢያው ቤት ይወስዱት ነበር፤ በቅኔ ቤት ያደረ ሰው ነገሩን ይገምተዋል። ጎርጎርዮስ ስለ ባስልዮስ ክብር ለምኖ ይህን አስቀረለት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ ሆኑ። ከተማይቱ ገና የጣዖታት መቅደስ የሞላባት ነበረች። ከመምህሮቻቸውም አንዱ ፕሮኤሬስዮስ የተባለ የአርመን አገር ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ሂሜርዮስ የተባለ አረማዊ እንደ ነበሩ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

በ355 ደግሞ የንጉሥ ዘመድ የሆነው ዑልያኖስ ወደዚያችው ከተማ መጣ። እርሱም በክርስትና ያደገ፣ በቤተ ክርስቲያንም አናጉንስጢስ ሆኖ መጻሕፍትን ያነበበ ነው። ብዙ ሰው «አቴና አስካደችው» ይላል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። እስከ ሃያ ዓመቱ በክርስቲያኖች መንገድ እንደ ሄደ ኋላ ራሱ ጽፎአል፤ ይህም አቴናን ከማየቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ልቡን ያራቀው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው የ337ን ነገር ያስታውስ። በዚያ ዓመት ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ወታደሮች አባቱንና ብዙ ዘመዶቹን ገደሉ። ለዚያ ደም እርሱ ተጠያቂ ያደረገው ክርስቲያን ነኝ የሚለውን የአጎቱን ልጅ ንጉሡን ቆንስጣንዮስን ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ወደ ውጭ ሳይወጣ በፊት በገዛ ቤቱ ቆስሎአል። ክሕደቱን ይህ አያጸድቅለትም፤ ጥፋቱን ሁሉ በትምህርት ቤቱ ላይ መጫን ግን ከእውነት የራቀ ነው።

ዑልያኖስ በ361 ነገሠ። በ362 ክርስቲያኖች መምህራን እንዳያስተምሩ አገደ፤ ፕሮኤሬስዮስም ንጉሡ ለእርሱ ቢፈቅድለትም ወንበሩን ትቶ ወጣ። በ363 በዚህች በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደሱን ሊያሠራ ጀምሮ እንዳልተፈጸመለት የታወቀ ነው፤ በዚያው ዓመት በፋርስ ጦርነት ሞተ። ስንክሳር ስለ ቅዱስ መርቆሬዎስ የሚናገረውን ሁሉም ያውቀዋልና መድገም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ባስልዮስ እንመለስ፤ የነገሩ ፍሬ በእርሱ ዘንድ ነውና። በአቴና ሃይማኖቱን አልጣለም፤ በ356 ገደማ ወደ አገሩ ገባ። ሆኖም ታናሽ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሳይሸሽግ እንደ ጻፈው፣ በንግግር ችሎታው እጅግ ታብዮ፣ የአገሩንም ታላላቅ ሰዎች ከበታቹ አድርጎ እያየ መጣ። ማተቡ በአንገቱ እንዳለ ነው፤ ዓይኑ ግን ተለውጦአል። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚመረምሩት ማተቡን ብቻ ነውና ይህን ለውጥ ሳያዩት ይቀራል።

ያየችው ታላቅ እኅቱ ማቅሪና ናት። እርስዋ ወደ አቴና አልሄደችም። እናትዋ የባለ ቅኔዎችን ተረት ትታ ጥበበ ሰሎሞንንና መዝሙረ ዳዊትን አስተማረቻት፤ ዳዊቱንም በየሰዓቱ ትደግም ነበር። እንደ ኢትዮጵያ ሕፃናት ማለት ነው። ይህች ዳዊት ደጋሚ ሴት የአቴናውን ሊቅ ሳትፈራው፣ ደግሞም ሳታባርረው፣ ቀስ ብላ ወደ ምንኵስና ሕይወት ሳበችው። ዛሬ ከውጭ የተማረ ልጅ ሲመለስ ግማሹ ለዲፕሎማው ይሰግድለታል፤ ግማሹ «ተበላሽቶ መጣ» ብሎ ይሸሸዋል። ሁለቱም ልጁን ብቻውን ይተዉታል፤ እንደ ማቅሪና አጠገቡ ተቀምጦ የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው።

ባስልዮስ ተጠመቀ። ቀጥሎም ለሁለተኛ ጊዜ ለትምህርት ወጣ፤ በዚህ ጊዜ የሄደው ግን ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ መነኮሳት ነው። በጾማቸውና በትጋታቸው እንደ ተደነቀ፣ የቀደመውንም ዘመኑን በከንቱ ድካም እንዳሳለፈ በኋላ በደብዳቤው ገለጠ። ነገር ግን በተረፉት ጽሑፎቹ የማቅሪናን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣም፤ ወንድሙ ባይጽፍልን ኖሮ ውለታዋ ተረስቶ በቀረ ነበር።

የአቴናንም ትምህርት አልጣለውም። በ368 ገደማ በቀጰዶቅያ ረኃብ በሆነ ጊዜ የባለጠጎችን ጎተራ ያስከፈተው በዚያው በአቴና በተማረው አንደበት ነው። ስለ አረማውያን መጻሕፍት ለወጣቶች በጻፈው ምክርም ንብ ከየአበባው የሚጠቅማትን እንደምትለይ እንዲመርጡ አስተማራቸው፤ መጻሕፍቱን አቃጥሉ አላላቸውም። ካህናት በቅዳሴው ስሙን የሚጠሩት ይህን ባስልዮስን ነው።

ባስልዮስ በ379 ዐረፈ። ጎርጎርዮስ በዚያ ጊዜ ታሞ ነበርና አልቀበረውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወደ ቂሳርያ መጥቶ በሕዝቡ ፊት ስለ ወዳጁ ረዥም ንግግር አደረገ። የሚናገረው ስለ ታላቅ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን፣ ወደ አቴና በደረሰ ጊዜ ከዚያ ለመውጣት አቃተው፤ ያ ሽማግሌ አብረው ስለ ኖሩበት ዘመንና ሁለቱ ስለሚያውቋቸው ሁለት መንገዶች፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱም ወደ መምህራን ስለሚወስዱት፣ ለብዙ ጊዜ ቆሞ ተናገረ።