የእናቶቻችን ወንበር አይነሣ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



አባላት የቁጠባ ደብተራቸውን ራሳቸው እንዲያነቡ በጀመርነው የጎልማሶች ትምህርት ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ቦታ ስለጠበበ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑት እናቶች ይቅሩ የሚል ነው። ከእናቶቹም «ተዉን፣ ጭንቅላታችን አርጅቷል» ያሉ አሉ። እኛ በሂሳብ ክፍል የምንሠራው በዚህ አንስማማም። ምክንያታችንን እናስረዳ።

በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ስንማር በሕዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት ይጠነክራል፤ አዲስም ይፈጠራል። አንዱን ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚያያይዙ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ኤንካም ይባላል። ኤንካም ረጅም የስኳር ሰንሰለት ሲለብስ አያያዙ ይላላል፤ ያን ጊዜ አዲስ ግንኙነት ለመፍጠር ያመቻል። ሰንሰለቱ ሲቀንስ መልሶ ይጠብቃል። የዶርዜ ሸማኔዎቻችን ይህን በሥራቸው ያውቁታል። ድር ከመጠን በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል፤ ከላላም ጋቢው ይሳሳል።

በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዕድሜ ሲገፋ ይህ ሰንሰለት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ትልቅ ሰው አዲስ ነገር ለመያዝ ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ይዘገያል እንጂ አይቆምም። አይጦች አዲስ ነገር በተማሩ በሰዓታት ውስጥ ሰንሰለቱ ለጊዜው እንደሚጨምርም ታይቷል። መማር ራሱ አንጎልን ያነቃዋል ማለት ነው።

ማስረጃው ከእኛም ዘንድ አለ። በሲቀላ ገበያ ሙዝ የሚሸጡ እናቶቻችን የዱቤውን ሂሳብ ያለ ወረቀት በቃላቸው ይይዛሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም፣ የጎረቤቶቻችንን ወላይትኛ ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። በኋላ የሚያነቡት ያጡት ግን የተማሩትን ረሱ። ያስረሳቸው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ድግግሞሽ ማጣትም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ እናቶች ከመቅረት ይልቅ በሌላ ፈረቃ ይማሩ፤ ወንበሩ ያው ነው። ሁለተኛ፣ መማሪያቸው የራሳቸው የቁጠባ ደብተር ይሁን፤ በየሳምንቱ ስለሚገልጡት አይረሱትም። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን የለመደችው መንገድ ወይም የገንዘብ ቆጠራ የጠፋባት እናት ካለች «እርጅና ነው» ብለን አንተዋት፤ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።

ደጋፊዎቻችንም የሁለተኛውን ፈረቃ የመምህር አበል እንድትሸፍኑልን በትሕትና እንጠይቃለን። ደብተሯን ማንበብ የማትችል እናት የገዛ ገንዘቧን በሰው ዓይን ታያለች። ይህ ማኅበር የተቋቋመው ግን እያንዳንዷ አባል የራሷን በራሷ ዓይን እንድታይ ነው።