ጉድጓዱን ቀድማ የምትቀምሰው ጎማ

(ድምፅ፦ የባጃጅ ሞተር፤ ቀስ በቀስ ይርቃል)

አቅራቢ፦ በጅማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉድጓዱን ቀድማ የምትቀምሰው ያቺ አንዲት የፊት ጎማ ናት። ሰው በገዛ እጁ የሚሠራት፣ የፊት ጎማ ያላት ትንሽ አውሮፕላንም ችግሯ ይኸው ነው። የፊት እግሯ ቀጭን ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ከተቀረቀረ እግሩ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል፤ ሞተሩም ይጎዳል።

መፍትሔው ምንድን ነው? መጀመሪያ አውሮፕላኗ የምትነሳበትን ሜዳ በእግር መዞር፣ ጉድጓዱን መድፈን፣ ሣሩን ማጨድ። ቀጥሎ ሰፋ ያለ ጎማ መግጠም። ከሁሉም በላይ ግን የአብራሪው እጅ ወሳኝ ነው። መሬት ላይ ሲንደረደር መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ይህም ከፊት ጎማው ላይ ጫና ይቀንሳል። ሲያርፍ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን ያስቀድማል። ፍሬን በኃይል ከያዘ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይወድቃል።

(ድምፅ፦ የአሮጌ አውሮፕላን ሞተር)

የድሮዎቹስ? በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረረችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን የፊት ጎማ አልነበራትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸውና የጅማን ቡና ያመላለሱት ሲ-47 አውሮፕላኖችም ሦስተኛ ጎማቸው ከጅራታቸው ሥር ነበር። ይህ አሠራር ለጥርጊያ ሜዳ ይመቻል፤ አውሮፕላኑ ሲንደረደር ግን ወደ ጎን መዞር ይወዳል።

የፊት ጎማ ወይስ የጅራት ጎማ? ምርጫው የሠሪው ነው። ሜዳውን በእግር መዞር ግን ለሁሉም ግድ ነው።

(ሙዚቃ)